ውዳሴ ለቀጥቃጩ ልጅ

የሰበቃ ሳይንስ ሊቀ ሊቃውንት፣ ፕሮፌሰር ዱንካን ዶውሰን ሆይ! ከአዲስ አበባ ደቡብ፣ ብረት ሲቆረጥና ሲበየድ ከሚዋልበት ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰላምታ ይድረስዎ። የእኛ የመልክእ ደራስያን ቅዱሳንን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ሲያወድሱ ለአብራክ ለብቻው ሰላም ይላሉ። እርስዎ ደግሞ ለዚያው ጉልበት ዕድሜዎን ሰጡ፤ ስለዚህ በእኛ ወግ መወደስ ይገባዎታል።

እ.ኤ.አ. በ1928 በእንግሊዝ አገር በዮርክሸር፣ ከቀጥቃጭ ቤት ተወለዱ፤ አባትዎ ብረትን አግለው በመዶሻ የሚያስጌጡ ባለ እጅ ነበሩ። (በእኛ ዘንድ ቢሆኑ ቡዳ ይባሉ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ኖረ።) በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ በዚያው አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ፕሮፌሰር ሆኑ። ከጎርደን ሂጊንሰን ጋር ሆነው የማርሽ ጥርስ ከጥርስ ሲነካከስ፣ ኩሽኔታ ሲሽከረከር፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነው የዘይት ሽፋን በዚያ ሁሉ ጭነት ሥር ሳይቀደድ እንዴት እንደሚቆይ በስሌት ገለጡ።

ውዳሴዬ የሚረዝመው ግን ከብረት ወደ ሥጋ በተሻገሩበት ላይ ነው። ከሐኪሙ ከቬርና ራይት ጋር የሰውን ዳሌና ጉልበት መረመሩ። ሰው በተራመደ ቁጥር ዳሌው የክብደቱን ሦስት እጥፍ ያህል ይሸከማል፤ ሰበቃው ግን ኢምንት ነው። እንዴት ያለ ጥበብ ነው! እ.ኤ.አ. በ1986 ከዦንግሚን ጂን ጋር ምሥጢሩን ተረጐሙት፦ አጥንቱን የሚያለብሰው ካርቲሌጅ በቅርብ ሲታይ ሻካራ ነው፤ ጭነት ሲያርፍበት ግን ልስላሴው ያንን ሻካራ ጠፍጥፎ ያስተኛዋል፣ የመገጣጠሚያው ስስ ፈሳሽም ሳይበጠስ በመካከል ይቆያል። ጆን ቻርንሊ የብረት ራስና የፕላስቲክ ጽዋ ያለውን ሰው ሠራሽ ዳሌ በ1962 ካጸኑ ወዲህ፣ ያ ፕላስቲክ ምን ያህል እንደሚበላ እርስዎና ባልደረቦችዎ ለዓመታት ለካችሁ፤ የሚረግፈው ብናኝ አጥንቱን እያስበላ የተተከለውን ያላላልና። ቀዶ ሐኪሙ ይመሰገናል፤ ልኬተኛውን ማን ያስታውሳል?

እ.ኤ.አ. በ1979 የሰበቃን ሳይንስ ታሪክ፣ ሐውልት ይጎትቱ የነበሩትን የጥንት ግብጾች ጨምረው ጻፉ። በ1987 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ። ሌላውን ሹመትና ኒሻን ልተወው፤ ብዙ ነው። ያረፉት በ91 ዓመትዎ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በእኛ የገና ዋዜማ ነው።

የአምስት ኪሎ ወጣት መሐንዲሶች ሆይ፣ አደራው ወደ እናንተ ነው! ከሰው ሠራሽ ጉልበቶች ብዙዎቹ የተቀመሩት ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው። በጎፋ ገብርኤል ደጅ የሚሰግደውን፣ ቁጢጥ ብላ እንጀራ የምትጋግረውን እናት ጉልበት እናንተ ለኩልን።