አምስት ሰከንድ ወርቅ

እናቴ የማንበብ ችግር የለባትም። መነጽሯን አድርጋ ጋዜጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትጨርስ ሴት ናት። ስለዚህ የሠራሁትን የሎጎ ኢንትሮ ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ «እማ፣ ምን ይላል?» ስላት ስሙን አሳስታ ስታነበው፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። «ሲ»ን «ሰ» ብላ ነበር ያነበበችው። ደግሜ አጫወትኩላት። አሁንም «ሰ»። «ደስ ይላል ግን፣ ያብለጨልጫል» አለችኝ። እናት አይደለች!

ኢንትሮው ጓደኞቼ ላቋቋሙት ትንሽ የፊልም ቤት ነበር። ከጥቁር ዳራ ውስጥ ወርቃማ ፊደላት እየተሽከረከሩ ይወጣሉ፣ ብርሃን በላያቸው ያልፋል፣ «ድም!» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ አለቀ። አምስት ሰከንድ። ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ኮርቼበትም ነበር።

ችግሩ የት ጋ እንደሆነ ላሳያችሁ። «ሰ»ን «ሲ» የሚያደርጋት ከቀኝ እግሯ ግርጌ የምትወጣ አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። ፊደሏን አወፍራችሁ ስሪዲ ስታደርጓት እግሩ ጎን ያወጣል፣ ግድግዳ ይሆናል። ካሜራው ወደ ቀኝ ሲዞር ያ ግድግዳ ራሱ የፊደሉ አካል ይመስላል፤ ሁሉም ወርቅ ስለሆነ ቅጥያዋ እዚያው ውስጥ ትዋጣለች። የላቲኑ «ኤ» ቢወፍርም ቢዞርም ያው «ኤ» ነው። የኛን ሣልስ ከግዕዙ የምትለየው ግን አንዲት ጭረት ናት። እሷን ከደበቅን ስሙን ለወጥነው ማለት ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኛን ኢንትሮ ግን የሚያወጣው ቴምፕሌት ነው። ዩቲዩብ ላይ አንድ ማታ ተቀምጣችሁ የሀገራችንን ፊልምና ሙዚቃ መክፈቻዎች ተመልከቱ፤ የምትዞር ሉል፣ የሚበተን ብርጭቆ፣ የሚፈስ ወርቅ። ስሙን ቀይሩትና የሌላ ድርጅት ይሆናል፤ ማንም ልብ አይልም። ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም፤ እኔም እዚያው ሰልፍ ውስጥ ነበርኩ። ስሪዲ «ትልቅ ነን» ማለት ይመስለን ነበር።

ጥልቀት ምክንያት ሲኖረው ምን እንደሚሆን ለማየት ፒክሳርን እንውሰድ። ሁላችንም የምናውቃት ያቺ መብራት የመጣችው ጆን ላሲተር በ1986 ከሠራው «ሉክሶ ጁኒየር» ከሚባል አጭር ፊልም ነው፤ በ1995 «ቶይ ስቶሪ» ሲወጣ ደግሞ የኩባንያው ሎጎ ላይ ዘለለች። ፊደላቱን አስተውሏቸው። እንደ ጽሑፍ ጸጥ ብለው ቆመዋል፤ አይሽከረከሩም፣ አያበሩም። ክብደት ያላት መብራቷ ብቻ ናት። «አይ» የምትባለው ፊደል ላይ ወጥታ ስትረግጣት ነው ፊደሏ እንደ ሥጋ ተጨፍልቃ አካል የምታገኘው። መብራቷም ቦታዋን ይዛ ዞራ ታየናለች። ግዑዝ ነገር ነፍስ ሲዘራ አየን ማለት ነው፤ የኩባንያው ሥራም እሱው ነው።

ማርቭል ሌላ መንገድ ሄደ። በ2002 ከ«ስፓይደር ማን» ጋር የመጣው መክፈቻ የኮሚክ ገጾች በፍጥነት ሲገለበጡ ያሳያል። ወረቀት ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ አያፍርበትም። በ2016 «ዶክተር ስትሬንጅ» ላይ የመጣው አዲሱ ኢንትሮ ደግሞ ከሥዕሉ ተነስቶ ወደ ፊልም ምስል ይሻገራል፤ ፊደላቱ ውፍረት አውጥተው ጀግኖቹን በውስጣቸው ይይዛሉ። ከወረቀት ወደ ሲኒማ የተደረገው ጉዞ በጥቂት ሰከንድ ተተረከ።

የዚህ አሠራር ጥንካሬ የታየው ግን በሐዘን ጊዜ ነው። ስታን ሊ በ2018 መጨረሻ አረፈ፤ በ2019 «ካፕቴን ማርቭል» ሲከፈት በፊደላቱ ውስጥ የነበሩት ጀግኖች ወጥተው እሱ ገባ። በ2022 «ዋካንዳ ፎርኤቨር» ላይ ደግሞ ቻድዊክ ቦስማን ብቻ ታየ፣ ያ ሁሉ ሙዚቃ ቀርቶ በዝምታ። ፊደሉ ሰው የሚያስገባ ቤት ሆኖ ስለተሠራ ሟች የሚታሰብበት ቦታ ሊሆን ቻለ። የኔ ወርቅ ውስጥ ማን ይገባል? ድፍን ነው።

«እነሱ ገንዘብ አላቸው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ፊደላቱን ጸጥ አድርጎ መብራቷን ብቻ ማስዘለል የገንዘብ ጉዳይ አይደለም፤ የመምረጥ ጉዳይ ነው። ብሌንደርም በነጻ ይወርዳል።

እናም እንደገና ጀመርኩ። ዳራውን የወረቀት ቀለም አደረግኩት። ስሙን ጠፍጣፋ ጻፍኩት፣ ግን «ሲ»ን ያለ ቅጥያዋ፣ «ሰ» አድርጌ። ስሪዲ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺ ቅጥያ። ከላይ ትወርዳለች፣ ጥላዋ ፊደሉ ላይ ያርፋል፣ ቦታዋን ትይዛለች፣ ከዚያ እሷም ጠፍጣፋ ትሆናለች። ሁለቱን ዓለም የሚያጋባው ጥላው ነው። ብሌንደር ውስጥ ጥላውን ብቻ ለይቼ አወጣሁትና አፍተር ኢፌክትስ ላይ ከሥዕሉ ጋር አገናኘሁት። ብርሃኑ በሁለቱም ከአንድ አቅጣጫ ካልመጣ ቅጥያዋ ተለጥፋ የቀረች ትመስላለች። ካሜራውንም ርቀት ነገሮችን እንዳያሳንስበት አድርጌ ፊት ለፊት አቆምኩት።

በሰከንድ 24 ፍሬም፣ አምስት ሰከንድ 120 ፍሬም ነው። አንዱ ሁለት ደቂቃ ሲፈጅ አራት ሰዓት ሙሉ ይሆናል። መጀመሪያ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ሬንደር አድርጌ ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋና ሁሉም ሄደ። ሁለተኛ ጊዜ እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻ ሥዕል አድርጌ አስቀመጥኩ፤ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህን ምክር በነጻ ውሰዱት።

ከጓደኞቼ አንዱ አሁንም «ወርቁ ይሻል ነበር፣ ይሄ የሕፃናት ፕሮግራም ይመስላል» ይላል። ትልቅ ስክሪን ላይ፣ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ፣ ምናልባት ልክ ይሆናል፤ ገና አላየሁትም። እናቴ ግን ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣ ቅጥያዋ እስክታርፍ ድረስ ምንም አላለችም። ካረፈች በኋላ ስሙን ሙሉውን አነበበችው፣ ከነሣልሱ።