«9:00 ከሰዓት» ስንት ሰዓት ነው? የሰዓት ቀያሪ ስክሪፕቶች ሲገመገሙ

ፕሮግራሚንግ የሚጀምር ሰው ቶሎ ከሚሞክራቸው ነገሮች አንዱ የሰዓት ቀያሪ ስክሪፕት ነው። ተርሚናሉ ላይ አንድ ሰዓትና የሁለት ከተሞች ስም ትጽፋላችሁ፤ የአንዱ ከተማ ሰዓት በሌላው ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል። በፓይተን ከሆነ ሥራው ከአሥር መስመር ብዙም አይበልጥም። ቀላል ይመስላል አይደል? ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ላለ ተጠቃሚ ግን አብዛኞቹ ስክሪፕቶች ሥራውን መንገድ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። እስቲ የቱ ጋ እንደሚጥሉት እንይ።

መጀመሪያ ጥሩውን እናንሳ። ስክሪፕቶቹ የሚደገፉበት የዓለም የሰዓት ቀጠና መዝገብ፣ ቲዜድ ዳታቤዝ የሚባለው፣ በበጎ ፈቃደኞች ተዘጋጅቶ ሊኑክስም አንድሮይድም የሚጠቀሙበት ግሩም ሥራ ነው። ጥቅሙን በምሳሌ እዩት። ማታ 4 ሰዓት ላይ ዋሽንግተን ላለች እህታችሁ ብትደውሉ፣ እዚያ በሐምሌ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ በጥር ግን ከቀኑ 8 ሰዓት። አሜሪካኖች በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ልዩነቱ አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ «8 ቀንስ» ብሎ በእጅ የተጻፈ ስክሪፕት ግማሹን ዓመት በላይ ይሳሳታል። መዝገቡን የሚጠይቅ ስክሪፕት አይሳሳትም።

በመዝገቡ ውስጥ ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ የሚል ስም አታገኙም፤ ሁላችንም «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ሥር ነን። እሱም ቢሆን በተለመደው ዝግጅት ወደ ናይሮቢ የሚጠቁም ስም ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ የሁለቱ ሰዓት አንድ ስለሆነ። ለዛሬ ስልክ ጥሪ ምንም ችግር የለውም። ስለ ጥንቱ ስትጠይቁት ግን የናይሮቢን ታሪክ የኢትዮጵያ አድርጎ ይመልስላችኋል።

ዋናው ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። ስክሪፕቱ «14:00» ብሎ ይጨርሳል። እኛ ግን 8 ሰዓት ነው የምንለው። የሚገርመው፣ መዝገቡን የሚያዘጋጁት ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው እንደሆነ በማስታወሻ ጽፈውታል። ማስታወሻን ግን ሰው እንጂ ኮምፒውተር አያነበውም።

«የኛ ሰዓት ፀሐይን ስለሚከተል ለኮምፒውተር ያስቸግራል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትቀበሉት። በነፋስ መውጫ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ ከ6 ሰዓት 25 ደቂቃ ግድም አልፎ ነው። ማለትም ሰዓታችን የሚሄደው በየአካባቢው ፀሐይ ሳይሆን ከሌላው ዓለም ሰዓት በቋሚ የ6 ሰዓት ልዩነት ነው። ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም።

ታዲያ 6 ቀንሰን ብንገላገልስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ስክሪፕት የሚበላሸው። ከተቀመጠው ጊዜ ላይ 6 ሰዓት ከቀነሳችሁ፣ ያንኑ ቁጥር ወደ ዋሽንግተን ስትቀይሩት ቀጠሮው በ6 ሰዓት ተንሸራቶ ይደርሳል። ሌላ ብልሃትም አለ፦ የቦነስ አይረስ ሰዓት ከእኛ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ የዚያ ከተማ የግድግዳ ሰዓት ልክ እንደኛ ያነባል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ጠዋትና ማታው፣ አንዳንዴም ቀኑ ግን የአርጀንቲና ነው።

ትልቁ ስህተት ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ማድረግ ነው። «መቼ ነው?» አንድ ጥያቄ ነው፤ «ያንን ጊዜ ምን ብለን እንጠራዋለን?» ሌላ ነው። ለመጀመሪያው ቲዜድ ዳታቤዝ በቂ ነው። ሁለተኛው የቋንቋ መረጃ ሥራ ነው፤ ጠንከር ያለው ትችቴም እዚህ ላይ ነው። የዩኒኮድ የቋንቋዎች መረጃ ስብስብ፣ ሲኤልዲአር፣ ለአማርኛ «ጥዋት» እና «ከሰዓት» የሚሉ ቃላትን ይሰጣል፤ ቁጥሩን ግን አይለውጥም። ስለዚህ የፈረንጆቹ የምሽት 9 ሰዓት «9:00 ከሰዓት» ተብሎ ይወጣል። አማርኛ የሚያነብ ሰው ይህን ከቀኑ 9 ሰዓት ብሎ ይረዳዋል፤ እውነቱ ግን ማታ 3 ሰዓት ነው። ከዚህስ «21:00» ይሻላል፤ ቢያንስ የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን አይደብቅም።

ጉዳቱ ቀልድ አይደለም። የነፃ ትምህርት ማመልከቻ «ዓርብ 23:59 በዩቲሲ» ይዘጋል እንበል። በእኛ ሌሊት 8:59 ነው። የየትኛው ቀን ሌሊት? በፈረንጅ አቆጣጠር ቅዳሜ ገብቷል፤ ብዙዎቻችን ግን «ዓርብ ሌሊት» ነው የምንለው። ስክሪፕቱ «ቅዳሜ ሌሊት 8:59» ቢል፣ አንዳንዱ ማመልከቻው ከተዘጋ ከአንድ ቀን በኋላ ነው የሚመጣው። መፍትሔው አማርኛችን ውስጥ አለ፦ «ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ሌሊት 8:59»። ማንም አይሳሳትም።

ስለዚህ የራሳችሁን ስትጽፉ እንዲህ አድርጉ። ጊዜውን በዩቲሲ አስቀምጡ፤ ወደ አካባቢ ሰዓት ቀይሩ። የኛን አነጋገር በመጨረሻ፣ ልትጽፉት ስትሉ ብቻ አምጡ፦ ሰዓቱ ላይ 6 ደምሩ፣ ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ውሰዱ፣ ቀሪው 0 ከሆነ 12 በሉት። ሌሊት፣ ጠዋት፣ ከሰዓት ወይም ማታ የሚለውን ከዋናው የ24 ሰዓት ቁጥር ምረጡ። ተጠቃሚው «3:00» ብሎ ብቻ ከጻፈ ደግሞ አትገምቱ፤ ሁላችንም ቀጠሮ ሲነገረን እንደምንጠይቀው ስክሪፕቱም ይጠይቅ፦ «በኢትዮጵያ ነው በፈረንጅ?» ቀጥሎም ጠዋት ይሁን ማታ።

ሲያልቅ በ00:30፣ በ06:00 እና በ18:00 ፈትኑት። ሌሊት 6:30፣ ጠዋት 12:00 እና ምሽት 12:00 ካላለ ገና አልጨረሳችሁም።