የብራክ የልጃገረዶች ክበብ በኡጋንዳና በታንዛኒያ፤ አጭር ሂስ

በባንግላዴሽ በ1972 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ብራክ፣ በ2008 በኡጋንዳ የልጃገረዶች ክበቦችን ሲከፍት መሪዎችን ከዋና ከተማ አላመጣም፤ በዕድሜ ጥቂት ከፍ የሚሉ ወጣት ሴቶችን ከየመንደሩ መርጦ አሠለጠነ እንጂ። ክበቦቹ በሳምንት አምስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየተከፈቱ የሙያና የኑሮ ዘዴ ትምህርት ባንድነት ሰጡ። ከአራት ዓመት በኋላ ገቢ የሚያገኙት ልጃገረዶች መብዛታቸውን፣ ያለ ዕድሜ እርግዝናና ጋብቻ መቀነሱን ጥናት አረጋገጠ።

ያው መርሐ ግብር በታንዛኒያ ግን ይህን የመሰለ ውጤት አላስገኘም፤ ገምጋሚዎችም የአቅምና የአፈጻጸም ውስንነትን በምክንያትነት ጠቅሰዋል።

እንግዲህ መምሪያ መጽሐፍ ድንበር ይሻገራል፤ መሪ ግን በየመንደሩ ካልተደገፈች አትጸናም። ክበብ የሚያቅድ ሁሉ ስንት መሪዎች እንደ ሠለጠኑ ከመቁጠሩ በፊት፣ ከሥልጠናው በኋላ ማን እንደሚጎበኛቸው ይጠይቅ።