ኮቱና ምስክርነቱ፤ የጀርመን ወታደር ልብስ በቤተ መዘክር

በብዙ የአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ከመስታወት ጀርባ የሚታይ አንድ ቅርስ አለ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን እግረኛ ወታደር ይለብሰው የነበረው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ የሱፍ ኮት። ከጎኑ የሚለጠፈው መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁን፣ አዝራሩንና የማዕረግ ምልክቱን በጥንቃቄ ይዘረዝርና የለባሹ ሥራ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» እንዳለችው ነው። በዚህ አጭር ሐተታ ለማሳየት የምሞክረው፣ ኮቱ ከመግለጫው ይልቅ የታመነ ምስክር መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ ከቀኝ የደረት ኪስ በላይ የተሰፋውን ንስር እንመልከት። ስዋስቲካ የጨበጠው ይህ ንስር ከጥንቱ የጀርመን ሠራዊት የተወረሰ አይደለም። የመከላከያ ሚኒስትሩ ቬርነር ፎን ብሎምበርግ እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጡት ትእዛዝ ከናዚ ፓርቲ ተወስዶ በወታደሩ ደረት ላይ ያረፈ ዓርማ ነው። በዚያው ዓመት ሠራዊቱ ለሂትለር በስሙ መሐላ ፈጸመ። ከ1945 በኋላ የቀድሞ ጄኔራሎች «ግፉ የኤስ ኤስ ነው፤ የመደበኛው ጦር እጅ ንጹሕ ነው» የሚል አፈ ታሪክ ሲያስፋፉ ኮቱ ግን በደረቱ ሌላ ይናገር ነበር። ይህ ለባሹን ሁሉ በጅምላ ወንጀለኛ አያደርግም፤ ተቋሙን ግን ከተጠያቂነት አያድንም።

ጨርቁም ይመሰክራል። የ1936ቱ ኮት ጥቁር አረንጓዴ ኮሌታና ሽንሽን ኪሶች ነበሩት። በ1943 ሽንሽኑ ቀረ፤ በ1944 ኮቱ እስከ ወገብ አጠረ፣ አራቱ ኪሶች ሁለት ሆኑ። ሱፉም እየቀነሰ ሰው ሠራሽ ክር በዛበት። ሰብሳቢዎች የሞዴል ልዩነት የሚሉት ይህ ለውጥ፣ በእርግጥ የአንድ ሥርዓት መሟጠጥ መዝገብ ነው። ልብስ ሰፊውስ ማን ነበር? በፖላንዷ ሎድዝ ከተማ በ1940 በታጠረው ጌቶ ውስጥ አይሁድ በረኀብ እየተቀጡ ለዚሁ ጦር የደንብ ልብስ ይሰፉ ነበር። ጌቶው በ1944 ሲፈርስ የቀሩት አብዛኞቹ ወደ ሄልምኖና ወደ አውሽቪትስ ተላኩ።

እርግጥ ነው፣ መናገርም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሐምቡርግ የማኅበራዊ ምርምር ተቋም በ1995 የከፈተው ዐውደ ርእይ የመደበኛውን ጦር ወንጀል በፎቶግራፍና በሰነድ አቅርቦ ጀርመንን አናወጠ። በ1999 ግን አንዳንዶቹ ፎቶግራፎች የሶቪየት ፖሊስ የገደላቸውን ሰዎች የሚያሳዩ መሆናቸው ስለ ተደረሰበት ታገደ። የታሪክ ባለሙያዎች ጉባኤ መርምሮ ስሕተቱን ነቀፈ፤ ዋናውን ጭብጥ ግን አጸና። ዐውደ ርእዩም በ2001 እንደ ገና ተዘጋጅቶ ቀረበ። ከዚህ የምንማረው የተሳሳተ መግለጫ ለካጆች መሣሪያ እንደሚያቀብል ነው። ዝም ያለ መግለጫም ከዚህ የተሻለ አያደርግም።

ኮቱ አምልኮ እንዳይስብ ከእይታ ይሰወር የሚሉ አሉ። በእኔ እምነት መደበቁ መፍትሔ አይሆንም። ማን ለበሰው? ማን ሰፋው? ለባሹ የመጣባቸው ሰዎችስ እነማን ነበሩ? መግለጫው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይመልስ፤ መልሱ ካልታወቀም ጥያቄውን ራሱን ይጻፍ።

ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ጀርመናውያን የሚለብሱት ስላጡ ንስሩን ተርትረው፣ ኮቱን ቀለም ነክረው ለበሱት። ያ የችግር ሥራ ነበርና አይፈረድባቸውም። ስለ አዝራር ብቻ የሚያወራ ቤተ መዘክር ግን ንስሩን ዳግመኛ ይተረትራል፤ ለዚህኛው የሚያቀርበው የችግር ምክንያት የለውም።