ሐዲድ ምስክር ይሆናልን?

በአሜሪካ የአዮዋ ግዛት፣ ቪሊስካ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1912 እ.ኤ.አ. ሁለት ሺህ ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። በዚያ ዓመት ጁን 9 ቀን፣ እሑድ ማታ፣ የነጋዴው የጆሳያ ሙር ቤተሰብ ከቤተ ክርስቲያን የልጆች በዓል ወጥቶ፣ ሁለት እንግዳ ልጃገረዶችን አክሎ፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግሥቱ አንዲት ጎረቤት የቤቱ ጭር ማለት አሳስቧት የሙርን ወንድም አስጠራች። በሩ ሲከፈት ስምንቱም፣ ከእነርሱም ስድስቱ ልጆች፣ በአልጋቸው ላይ እንዳሉ በመጥረቢያ ተገድለው ተገኙ። መጥረቢያው የራሱ የሙር ነው። ገዳዩ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ስለዚህ ግድያ ብዙ ተጽፏል። ሰፊ መነጋገሪያ የሆነው ቢል ጄምስ ከልጁ ከሬቸል ማካርቲ ጄምስ ጋር በ2017 ያሳተመው «ከባቡሩ የመጣው ሰው» የተሰኘው መጽሐፍ ነው። ጄምስ ስሙን ያተረፈው በቤዝቦል ቁጥሮች ጥናት ነው። እዚህም ያው ቆጣሪነቱ አልተለየውም። ከ1898 እስከ 1912 በየግዛቱ የተፈጸሙ የቤተሰብ ግድያዎችን ሰብስቦ፣ የሚመሳሰሉትን ለቅሞ፣ የብዙዎቹ ፈጻሚ በጭነት ባቡር እየተንጠላጠለ የሚዞር አንድ ሰው ነው ይለናል። ገዳዩ በጨለማ ይወርዳል፤ ከሐዲዱ ብዙ ያልራቀ ቤት ይመርጣል፤ የባለቤቱን መጥረቢያ አንሥቶ በጀርባው ይመታል፤ ሳይነጋ ይሳፈራል።

መቼም ለማመን የሚጋብዝ ሐሳብ ነው። ቪሊስካ የበርሊንግተን ባቡር ዋና መስመር የሚያልፍባት፣ ቅርንጫፍ መስመሮችም የሚገናኙባት ከተማ ነበረች። በኦክቶበር 1911 ተመሳሳይ ግድያ የተፈጸመባት የኢሊኖይዋ ሞንማውዝም ያለችው በዚሁ መስመር ላይ ነው። ካርታ ዘርግቶ ሁለቱን በጣቱ የሚያያይዝ አንባቢ ደስ ቢለው አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያሻል። ለመሆኑ በዚያ ዘመን ከሐዲድ የራቀ ከተማ የት ነበር? የአሜሪካ የባቡር ሐዲድ በ1916 ጣሪያው ላይ ሲደርስ ርዝመቱ ወደ 400 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። የአዮዋ ከተሞች አብዛኞቹ ከሐዲዱ ጋር የተወለዱ ወይም ሐዲዱን ተከትለው የተተከሉ ናቸው። በእንዲህ ያለ አገር «ግድያው የተፈጸመው ከባቡር አጠገብ ነው» ማለት ግድያው የተፈጸመው ሰው በሚኖርበት ነው ከማለት ብዙም አይርቅ። ቁጥር አዋቂው ጄምስ ይህን ያጣዋል ብዬ አላምንም። ነገር ግን ሐዲዱ በትረካው ውስጥ የተሰጠው ክብደት፣ በማስረጃነት ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ከቤቱ ውጭ ያለው ሳይሆን ውስጡ ነው። በሙር ቤት የፋኖሱ ብርጭቆ ተነሥቶ፣ ክሩ ዝቅ ተደርጎ፣ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጦ ተገኝቷል፤ መስተዋቶቹም በጨርቅ ተሸፍነዋል። ብርጭቆው የተነሣ ፋኖስ በካንሳስ፣ በኤልስወርዝና በፓኦላ በተፈጸሙት ግድያዎችም ታይቷል። የፓኦላው ከቪሊስካ የሚቀድመው በጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ሐዲድ የሁሉም ነው፤ እንዲህ ያለ ልማድ ግን የጥቂቶች ነው። እኔ ብሆን እዚህ ላይ እቆይ ነበር። የሙር ቤተሰብ የተኛው ፎቅ ላይ፣ እንግዶቹ ልጃገረዶች ደግሞ ምድር ቤት ባለው ክፍል ነው። ያን ጠባብና ቀጥ ያለ ደረጃ በጨለማ ማንንም ሳይቀሰቅስ የወጣው ቤቱን ቀድሞ ያላየ ሰው ነውን?

ከተማይቱም የራሷ ካርታ ነበራት። ሙር ለዓመታት በፍራንክ ጆንስ መደብር ሠርቶ በ1907 ለቀቀና የራሱን ከፈተ፤ የጆን ዲር የእርሻ መሣሪያ ውክልናም ይዞ ሄደ። ጆንስ የግዛቲቱ ሴናተር፣ የከተማይቱም ትልቅ ሰው ነው። አንድ የግል መርማሪ ግድያውን ያስፈጸመው እርሱ ነው ብሎ በአደባባይ ሲናገር ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ጆንስ በስም ማጥፋት ከሰሰና ተረታ፤ በ1916ም ምርጫ ወደቀ። እርሱ ራሱ ግን በግድያው አንድም ቀን አልተከሰሰም። በአንድ መንገድ የሚገበያዩ፣ አንዱ የሌላውን ደንበኛ በስሙ የሚያውቅባቸው ሁለት መደብሮች ምን ያህል ጥርጣሬ እንደሚሸከሙ ለማወቅ የባቡር ካርታ አያስፈልግም። ደራሲዎቹ ይህን ሁሉ እንደ ከንቱ ወሬ ማለፋቸው ፍሬ ነገሩ ላይ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ከተማዋን ግን ባዶ ጣቢያ አድርጓታል።

የሚገርመው ሐዲዱ ቀድሞም ለምስክርነት ተጠርቶ ነበር። ያን እሑድ በበዓሉ ላይ የተገኘው ተጓዥ ሰባኪ ጆርጅ ኬሊ፣ በማግሥቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ19 ደቂቃ በሚነሣው ባቡር ወደ ምዕራብ ሄዷል። አስከሬኖቹ ገና አልተገኙም። በባቡሩ ላይ ስለ ግድያው ለመንገደኞች ተናግሯል የሚሉ ቀረቡበት። በ1917 ተይዞ አመነ፤ ኋላም ካደ። በዚያው መስመር ላይ ባለችው በሬድ ኦክ ሁለት ጊዜ ተዳኘ። በመጀመሪያው ዳኞቹ ሳይስማሙ ቀሩ፤ በሁለተኛው በነጻ ለቀቁት። የጉዞ ሰዓቱ ሰውን ለገመድ ሊያበቃ ምንም አልቀረውም።

አሁን ደግሞ፣ ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ያው ሐዲድ በሌላ ሰው ላይ ቆሟል። ጄምስ ስሙን ለመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ያቆየው ተጠርጣሪ ጳውል ሙለር የተባለ ጀርመናዊ ስደተኛ ነው። በ1898 በማሳቹሴትስ፣ በዌስት ብሩክፊልድ፣ ተቀጥሮ ይሠራበት የነበረው የገበሬ ቤተሰብ በመጥረቢያ ተገደለ፤ እርሱም ተሰወረ። አልተያዘም። ከዚያ ማሳ እስከ ቪሊስካ ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በመሐሉም 14 ዓመት አለ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ይህን ርቀት የሚያሻግረው በዋነኛነት ባቡሩ ነው።