የደረቁ እንጨት ፍሬ፦ በአማርኛ ስብከት ውስጥ መታዘዝና «እጅ መስጠት»

«እጅ መስጠት» በአማርኛ የጦር ሜዳ ቃል ነው። የተሸነፈ፣ መሣሪያውን ያስቀመጠ፣ ነፍሱን ለማትረፍ ለአሸናፊው ያደረ ሰው እጁን ሰጠ ይባላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መምረጣቸው እስከ ዛሬ በክብር የሚነሣው ቃሉ ምን ያህል ውርደት እንደተሸከመ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። ይህንኑ ቃል ሰባኪው አንሥቶ «ዛሬ ለእግዚአብሔር እጅህን ስጥ» ሲል ትልቅ ነገር እየጠየቀ ነው፤ በባህላችን የመጨረሻ ውርደት የነበረውን በአምላክ ፊት የነፃነት መጀመሪያ እንድናደርገው። ጥያቄው ከወንጌሉ ልብ የወጣ ነው። የሚያስፈራው ቃሉ የጦር ሜዳውን ልማድ አስከትሎ ሲገባ ነው። እጅ የሰጠ ሰው አይጠይቅም፣ አይከራከርም፣ ማራኪው ወደ ነዳው ይሄዳል።

«አሳልፎ መስጠት» የሚለው ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህ የይሁዳ ግሥ ነው፤ ጌታውን አሳልፎ ሰጠ። የአብም ግሥ ነው፤ ልጁን ስለ እኛ አሳልፎ ሰጠ። የወልድም ነው፤ ራሱን አሳልፎ ሰጠ። የተርጓሚዎቹ ስንፍና አይደለም፤ በግሪኩም ሦስቱን የሚሸከመው ያው «ፓራዲዶሚ» ነው። እንግዲህ ግሡ ብቻውን ቆሞ ቅድስናን ከክህደት አይለይልንም፤ የሚለየው ማን፣ ማንን፣ ለማን ሰጠ የሚለው ነው። ስለ መታዘዝ የምንሰብከው ስብከት መንገድ ሲስት ያስተዋልሁትም እዚሁ ላይ ነው። ግሡ እየጎላ ይሄዳል፣ «ለማን» የሚለው እየደበዘዘ ይመጣል፤ በደበዘዘውም ቦታ ሰባኪው ራሱ ቆሞ ይገኛል።

የዚህ ስብከት ዋና ምስክር አብርሃም ነው። ልጁን ይስሐቅን በሞሪያ ሊሠዋ የወጣበት ዘፍጥረት 22 በኦርቶዶክሱም በወንጌላውያኑም ዐውደ ምሕረት ይሰበካል፤ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ግን ይለያያል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕሉን ያየ ሰው በጉን አይዘነጋም። በዕፀ ሳቤቅ ቀንዱ ተይዞ የተገኘው በግ የክርስቶስ፣ ዕፀ ሳቤቅም የእመቤታችን ምሳሌ ሆኖ ስለሚተረጎም፣ ትርጓሜው ከሚታረደው ልጅ ወደ ተሰጠው ቤዛ ይወስደናል። ጥያቄው እግዚአብሔር ምን ሰጠ የሚል ይሆናል። በወንጌላውያኑ ዘንድ ብዙ ጊዜ ዓይን የሚያርፈው ቢላዋው ላይ ነው። «የአንተ ይስሐቅ ምንድን ነው?» ይላል ሰባኪው፤ ጥያቄው እኔ ምን ልስጥ የሚል ይሆናል። ይህን ጥያቄ አልንቀውም። ሥልጣን ወይም ገንዘብ ጣዖት የሆነበትን ሰው ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል፤ እኔንም ቀስቅሶኛል።

ነገር ግን አብርሃም በምዕራፍ 22 አይጀምርም። አራት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ስለ ሰዶም ከአምላኩ ፊት ቆሞ ተሟግቷል። ከ50 ጻድቃን ተነሥቶ፣ 45፣ 40፣ 30፣ 20 እያለ እስከ 10 ወርዷል። ምድርን የሚዳኝ እንዴት ጻድቁን ከኃጥኡ ጋር ይፈጃል ብሎ በድፍረት የጠየቀ ሰው ነው። እግዚአብሔርም አልተቆጣውም፤ እስከ መጨረሻው ቁጥር ድረስ መለሰለት። ዴንማርካዊው ኪርክጎር እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው «ፍርሃትና መንቀጥቀጥ» ስለ ሞሪያው ዝምታ ጥልቅ ነገር አስቧል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ያ ዝምታ የተሟጋች ሰው ዝምታ መሆኑ ነው። መናገር እንደሚችል፣ ቢናገርም እንደሚሰማ ያውቃል። ከቶ እንዲጠይቅ ያልተፈቀደለት ሰው ዝም ቢል ዝምታው እምነት ይሁን ፍርሃት በምን ይታወቃል? ሰዶምን ዘልሎ ሞሪያን የሚሰብክ ሰው ለምእመኑ ግማሽ አብርሃም ያድለዋል።

ግማሹ አብርሃም የሚያደርገውን በወጣትነቴ በአንድ የማታ ጉባኤ አይቻለሁ። ጳጉሜን ነበር፣ ዝናቡ ገና አላባራም። ሰባኪው ስለ ይስሐቅ ተናግሮ ሲጨርስ «ይስሐቅህን ይዘህ ና» አለ። ከፊቴ የተቀመጠች እናት ከቦርሳዋ ፖስታ አወጣች፤ ለልጇ የመስከረም ምዝገባ ያጠራቀመችው እንደ ነበር በኋላ ነገረችን። ወጥታ መድረኩ ሥር አኖረችው። ብዙ ሰው አለቀሰ፤ እኔም አልቅሻለሁ። ልጁ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

ያን ምሽት ለመመዘን የሚረዳኝን ሚዛን ያገኘሁት ከጥንቱ የገዳም ትምህርት ነው። ጥቅምት 20 የሚታሰበውን መነኩሴ ዮሐንስ ሐጺርን በወጣትነቱ መምህሩ ደረቅ እንጨት ተክሎለት በየቀኑ ውኃ እንዲያጠጣው አዘዘው። ውኃው ሩቅ ስለ ነበር ማታ ሄዶ ንጋት ላይ ይመለስ ነበር። ሦስት ዓመት አጠጣው፤ እንጨቱም ለምልሞ አፈራ። በየዐውደ ምሕረቱ የሚነገረው እስከዚህ ነው፤ ታዘዝ፣ ደረቁም ይለመልማል። እኔን የያዘኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አረጋዊው ፍሬውን ለቅሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደው፤ የመታዘዝን ፍሬ ብሉ ብሎም ለመነኮሳቱ አደለ። አዛዡ ለራሱ ያስቀረው ነገር የለም። ትእዛዙ ከታዛዡ ጉልበት በቀር የማንንም እንጀራ አልነካም፤ ታዛዡም በፈቃዱ የገባ፣ ራሱን ለዚህ ትምህርት የሰጠ ረድእ ነው። ገዳማቱ መነኩሴን ከማመንኮሳቸው በፊት በአመክሮ የሚያቆዩትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ መታዘዝ በእውቀትና በፈቃድ ካልተገባበት ባርነት ስለሚሆን። በዚያች ምሽት ግን ፍሬው ወዴት እንደ ሄደ የጠየቀ አልነበረም፤ ውኃ ያመላለሰውም ፈቃዱን ያልጠየቁት ሕፃን ነበር።

ለምን አልጠየቅንም? አንዱ ምክንያት «የተቀባን አትንካ» የሚለው አጥር ነው። ሰባኪን መጠየቅ እግዚአብሔርን መንካት ሆኖ ተሰብኮልናል። ቃሉ የመጣበትን መዝሙር 104 (በሌላው ቁጥር 105) ከፍቶ ለሚያነብ ሰው ግን ነገሩ ተገልብጦ ይታየዋል። እዚያ የተቀቡት የተባሉት አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ናቸው፤ በቁጥር ጥቂቶች፣ አገር የሌላቸው፣ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ የሚንከራተቱ መጻተኞች። አትንኩ የተባሉት ደግሞ ነገሥታቱ ናቸው። መጠጊያ ለሌለው ስደተኛ የቆመ አጥር ነው። ዛሬ መድረክና ማይክሮፎን ያለው ሰው በዚህ አጥር ውስጥ ተቀምጦ የቤት ኪራይ የከበዳትን መበለት ውጭ ሲያስቀር፣ ከትርጓሜ ስሕተት የከፋ ነገር ተፈጽሟል። ይህን ስል የነፍስ አባትን ምክር ወይም የመጋቢን እረኝነት ማቃለሌ አይደለም። ሁለቱም ብዙዎችን አኑረዋል። እረኛ ግን በጎቹን የሚነዳበት ግጦሽ የት እንደሆነ ቢጠየቅ አይቆጣም።

በአገራችን ታሪክ ፍጹም መታዘዝን ያሳዩን ሰዎች እምቢ ያሉ መሆናቸውን ስብከታችን ለምን እንደሚያልፈው አይገባኝም። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም ለጣሊያን እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠየቁ። ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪው እንዳይገዙ ገዘቱ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። «ገዛ» እና «ገዘተ» ሥራቸው የተለያየ ሁለት ቃላት ናቸው፤ በዚያ ቀን ግን ፊት ለፊት ተገናኙ። ከእርሳቸው ጋር በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ፣ ስማቸውም አቡነ አብርሃም፣ ከወራሪው ጋር ተባብረው በጣሊያን ዘመን የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ተደርገዋል። ሁለቱም ስለ መታዘዝ የተማሩት ከአንድ መጽሐፍ ነው። የለያቸው «ለማን» የሚለው ነው።

ከ43 ዓመት በኋላ፣ በቀን ቁጥር አንድ ቀን ቀድሞ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ውስጥ ሰብከው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ከዚያ በፊት ታስረው ተፈትተዋል። በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ መንጋቸውን ጥለው መሄድ እንደማይችሉ ተናግረው ቀሩ። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳም አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። ጉዲና መንፈሳዊውን ከሥጋዊው የማይለይ፣ ሰውን በሙሉነቱ የሚያገለግል ወንጌል እንዲሰበክ የተከራከሩ ሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተ ክርስቲያናቸው ለውጭ አጋሮቿ የላከችው የስብከትና የልማት ደብዳቤ የሚታወስበት ምክንያትም ይኸው ነው። መከራከርና መታዘዝ በአንድ ሰው ውስጥ ሳይጣሉ ኖረዋል። አቡነ ጴጥሮስም ቄስ ጉዲናም ራሳቸውን ሰጡ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። አማርኛ ይህን ልዩነት በሁለት ቃል ይዞልናል፤ እኛ ሰባኪዎቹ ነን የቀላቀልነው።

ጥያቄ እምነትን ያፈርሳል የሚል ሰው ሉቃስ 1ን ያንብብ። እመቤታችን ቃሉን ተቀብላ «ይኩነኒ» ከማለቷ በፊት ይህ እንዴት ይሆናል ብላ ጠይቃለች፤ መልአኩም አስረዳት። ዘካርያስስ? እርሱም ጠይቆ ዲዳ ሆነ። ይህን ተቃውሞ ማለፍ አይገባም። ዘካርያስ የጠየቀው ለተነገረው ነገር ማረጋገጫ ነው፣ እርስዋ የጠየቀችው የአካሄዱን መንገድ። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ቀጭን ነው፤ የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ እግዚአብሔር እንጂ ሰባኪ አይደለም። ዲዳ ያደረገውም መልአኩ ነው። ሐዋርያውም በሮሜ 12 ሰውነታችንን ሕያው መሥዋዕት አድርገን እንድናቀርብ ሲመክር፣ አማርኛው ትርጉም በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «አእምሮ» የሚለውን ቃል አስገብቷል፤ በሚቀጥለውም ቁጥር ስለ ልብ መታደስ ይናገራል። መሥዋዕቱን እየሰበኩ አእምሮውን መተው የጳውሎስን ዐረፍተ ነገር መቁረጥ ነው።

መቆረጡ የሰው ሕይወት እንደሚያስከፍል እንጦጦ አይተናል። ጸበል ላይ ያሉ ሕሙማን የኤችአይቪ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል እየመሰላቸው ሲያቋርጡ፣ በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱ እንደማይጣሉ፣ መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር መውሰድ እንደሚገባ በአደባባይ ተናገሩ። ይህም ስለ እምነት የተሰበከ ስብከት ነው፤ ከሰማኋቸው ታላላቆች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ወደ ሞሪያ ልመለስ። በዚያ ተራራ መንገድ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጠይቋል፤ የጠየቀውም ይስሐቅ ነው። እሳቱና እንጨቱ አለ፣ በጉስ የት ነው? ሰባኪዎቻችን አድማጩን ሁልጊዜ በአብርሃም ቦታ ያቆሙታል፤ ከአድማጩ አብዛኛው ግን እንጨቱን ተሸክሞ ከኋላ የሚከተለው ነው፤ ሌሎች ስለ እምነታቸው ሲወስኑ ዋጋው የሚታሰብበት። በምዕራፉ መጨረሻ ላይ አብርሃም ወደ ብላቴኖቹ ተመለሰ ይላል፤ የይስሐቅ ስም አልተጻፈም። አባትና ልጅ ከዚያ በኋላ ሲነጋገሩ ዘፍጥረት አያሰማንም። ልጁ ከመሠዊያው ወርዶ ምን እንዳሰበ የሚያስብ ስብከት እስካሁን አልሰማሁም።

ያን ማታ ጉባኤው ሲያልቅ በሩ ላይ ከእናትና ልጁ ጋር ተገናኘን። ዝናቡ በርትቷል። እርስዋ ፊቷ ያበራ ነበር፤ ያ ብርሃን ሐሰት ነበር ለማለት ዛሬም አልደፍርም። ልጁ የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ቀና አለና «እማዬ፣ የታክሲውንም ሰጠሽው?» አላት።