የ40 በመቶው ደን ተረትና የተመራማሪዎቻችን ዕዳ

ስለ ኢትዮጵያ የአካባቢ ጥበቃ ጥቂት ያነበበ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያጋጥመው አይቀርም። «ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ ግን 3 በመቶ እንኳ አልቀረም» ይላል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በመንግሥት ሰነድ ውስጥ አለ፣ በለጋሾች ሪፖርት ውስጥ አለ፣ በተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ አለ፤ እኛም በየስብሰባችን ሳንጠይቅ እንደግመዋለን። አል ጎር እንኳ በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ደናችን በአርባ ዓመት ውስጥ ከ40 በመቶ ወደ 1 በመቶ ወረደ ብለዋል። መቶው ዓመት እንዴት አርባ እንደሆነ የጠየቃቸው አልነበረም።

ለመሆኑ በ1900 የኢትዮጵያን ደን ማን ለካው? የአየር ፎቶግራፍ በሌለበት፣ የአገሪቱ ካርታ እንኳ በቅጡ ባልተሠራበት ዘመን? ሃልቮር ቮየን የተባሉ ተመራማሪ በ1995 ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ ጥቅስ እየተከተሉ ወደ ኋላ ተጓዙ። አንዱ ጽሑፍ ሌላውን ይጠቅሳል፣ ያኛው ደግሞ ሌላውን፤ መጨረሻው ላይ ግን መለኪያ ይዞ የቆመ ሰው የለም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኸው ነው። ፕሮፌሰር ጄምስ ማካንም በ1997 የድሮ መንገደኞችን ማስታወሻና ሥዕል አገላብጠው፣ የሰሜኑ ደጋ አብዛኛው ክፍል እኛ «ትናንት» ከምንለው ጊዜ ብዙ ቀድሞ የእርሻ አገር እንደነበረ አሳይተዋል።

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ እኔ ደጋግሜ የማነበው ግን ፕሮፌሰር አለን ሆበን በ1995 ወርልድ ዴቨሎፕመንት በተባለው መጽሔት ያወጡትን ጥናት ነው። ሰውዬው ስለ ገበሬው በወሬ የሰሙ አይደሉም፤ ጎጃም፣ ዳሞት ተቀምጠው የርስትን ሥርዓት አጥንተው በ1973 መጽሐፍ ያሳተሙ ናቸው። የክርክራቸው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ከ1984ቱ ረሃብ በኋላ ሕዝቡ በዛ፣ ገበሬውም ባለማወቅ መሬቱን አራቆተ የሚለው ትረካ ለሁሉም ተመቸ። ደርግን ስለ መሬትና ስለ እህል ዋጋ ፖሊሲው ከመጠየቅ አዳነው፤ ለለጋሹ ስንዴውን የሚያራግፍበት ሥራ ሰጠው፤ ለባለሙያው ደግሞ ፕሮጀክት አስገኘለት። ተራራው ተከለለ፣ በምግብ ለሥራ እርከን በኮታ ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ። ገበሬውን ግን ማንም አልጠየቀውም። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ገበሬው በየቦታው የማኅበሩን ደን ቆረጠ፣ ከርስቱ ላይ ያለ ፈቃዱ የተሠራውን እርከን አረሰው። አቶ ደሳለኝ ራህመቶም በ2001 ከወሎ ባቀረቡት ጥናት ይህንኑ የመንግሥትና የገበሬ ግጭት በዝርዝር አሳይተዋል።

እስከዚህ ድረስ ከሆበን ጋር ነኝ። እንዲያውም «ይህ ፖሊሲ ማንን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄያቸው ከማንኛውም የአፈር ልኬት ይበልጣል ባይ ነኝ። ቅር የሚለኝ ትረካውን ሲያፈርሱ ሥራውንም አብረው የቀበሩት መምሰሉ ነው። እርከኑ በግዴታ ተሠራ ማለት አፈር አይዝም ማለት አይደለም። ከዐሥር ዓመት በኋላ በትግራይ የተደረገ ልኬት የድንጋይ እርከን ከእርሻ ላይ የሚታጠበውን አፈር በሁለት ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ፕሮፌሰር ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ1868 የእንግሊዝ ጦር አጼ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ በመንገዱ ላይ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ይዘው ቦታው ድረስ ሄዱ፤ ከዚያው ላይ ቆመው መልሰው አነሡ። በ2009 ያሳተሙት ውጤት የሚገርም ነው፤ ብዙው ቦታ ዛሬ ከያኔው ይልቅ ለምለም ነው። ይህ ሥዕል የ40 በመቶውን ተረት ይመታል፤ ሁሉም ዘመቻ ከንቱ ነበር የሚለውንም ወገን ይመታል። ሁለቱም ወገኖች ግን የሚመቻቸውን ግማሽ ብቻ እየቆረጡ ሲጠቅሱት አያለሁ።

የአፈሩም ቁጥር እንደ ደኑ ነው። በ1986 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ጥናት በደጋው ከእርሻ መሬት በሄክታር በዓመት 130 ቶን አፈር ይታጠባል አለ። የበርን ዩኒቨርሲቲው ሃንስ ሁርኒ ማይባርና አንጀኒን በመሳሰሉ ጣቢያዎች ዓመታት ሙሉ ካስለኩት ተነሥተው 42 ቶን አሉ። 42ም ቢሆን እጅግ ብዙ ነው፤ ልዩነቱ ግን ሦስት እጥፍ ነው። ከላይ የታጠበው አፈር ሁሉ ወደ ሱዳንና ግብፅ አይሄድም፤ ከፊሉ እታች ካለው ማሳ ላይ ያርፋል። የላይኛው ገበሬ ኪሳራ የታችኛው ሲሳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው፤ በድምር ሠንጠረዥ ውስጥ ግን ይህ አይታይም።

በ2015 ደግሞ መንግሥት «ደን» የሚለውን ቃል እንደገና ተረጎመው። ግማሽ ሄክታር መሬት፣ ቢያንስ 2 ሜትር ቁመት ያለው ዛፍ፣ 20 በመቶ ጥላ። በዚህ ፍቺ የአገሪቱ ደን 15.5 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ዛፍ ሳይጨመር ቁጥሩ ጨመረ። ፍቺው ጥፋት ነው አልልም፤ የቆላውን ዛፍ ማስገባቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን የድሮውን 3 ከአዲሱ 15.5 ጋር አስተያይቶ «ደናችን አምስት እጥፍ አደገ» የሚል ካድሬ ሲመጣ ማን ያርመዋል?

ሆበን ስለ ተራራው የጠየቁትን ዛሬ ስለ ፋብሪካውና ስለ ግድቡ መጠየቅ ይገባል። በ2002 የወጡት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማና የብክለት ቁጥጥር አዋጆች ሲነበቡ ያምራሉ። በ2009 ግን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የግምገማውን ሥልጣን ለየዘርፉ መሥሪያ ቤቶች በውክልና ሰጠ። ማዕድን የሚያስቆፍረው የማዕድኑን፣ ግድብ የሚያስገነባው የግድቡን ግምገማ ሊያጸድቅ ማለት ነው። ባለሥልጣኑ ራሱ በ2013 ሚኒስቴር፣ በ2018 ኮሚሽን፣ በ2021 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆኗል፤ በዚህ ሁሉ የተጠቀመው ሰሌዳ ቀቢው ይመስለኛል።

በሐምሌ 2019 መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲል ዓለም ሁሉ ቁጥሩን ተቀባበለው። ችግኝ መትከልን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ግን ዛፉ ሲያድግ የማን ነው? የገበሬው ነው፣ የቀበሌው ነው፣ ወይስ የመንግሥት? በ1991 ወሎ ላይ መጥረቢያ ያስነሣው ይኸው ጥያቄ ነበር፤ ተመራማሪዎቻችንም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጽፈውታል። የጻፉት ግን በእንግሊዝኛ ነው። የአቶ ደሳለኝ ጥናት አዲስ አበባ ታትሞ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ የሆበን መጽሔት ደግሞ ያለ ክፍያ አይከፈትም። ከማይባርና ከአንጀኒ ሰው ማሳ የተለቀመው ቁጥር በርን ደርሶ ሲመለስ የወረዳው የግብርና ሠራተኛ እንኳ አያነበውም። የሆበን ጽሑፍ 15 ገጽ ነው። በየዩኒቨርሲቲው ካለነው መካከል ሁለት ሰዎች ቢቀመጡ በአንድ ወር ይተረጉሙታል።